ማታ ማታስ ምን ያደርጋል?

ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ ላይ ምሽት ሥራ አለው። ከብት ይገባል፣ ጥጃ ይታሰራል፣ እሳት ይጫራል፣ ጎረቤት ለቡና ይጠራራል። ከደብሩ በኩል ከቅኔ ተማሪዎቹ ጎጆ ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ግስ ያወርዳል፣ ሌላው ያጠናውን ይከልሳል። ልጅ ሆኜ እንቅልፍ የሚወስደኝ በዚያ ድምፅ ነበር።

አያቴ በወጣትነቱ ጥቂት ዘመን ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ነው። "ተማሪ ቀን ይቆጥራል፣ ማታ ይነግራል" ይለኝ ነበር። ቅኔ መቁጠር ማለት ተማሪው ከሰው ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ደበሎውን ተከናንቦ ቃልን ከቃል፣ ቤትን ከቤት በልቡ ሲያስማማ መዋል ነው። ሲመሻሽ ይመጣና የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ይሰማሉ፣ የጎበጠውን ያቃናሉ። ቀኑን ሙሉ የተለፋበት ነገር ቅኔ የሚሆነው ያኔ ነው፤ ለሰው ጆሮ ሲደርስ።

ይህን ያነሳሁት ስለ ሌላ ከተማ ምሽት ለመጻፍ ብዬ ነው። እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ለስልጠና፣ ለግምገማ፣ ለምርጥ ዘር ጉዳይ አዲስ አበባ ስመላለስ ኖሬያለሁ። የሥራ ጉዞ ቀኑ በደብዳቤ የታሰረ ነው። ስንት ሰዓት እንደሚጀመር፣ ማን እንደሚናገር፣ መቼ ሻይ እንደሚጠጣ ሁሉ ተጽፏል። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ግን በማንም ደብዳቤ ላይ የለም። አገር ቤት ምሽቱ ራሱ ይዞህ ይሄዳል፤ አዲስ አበባ ግን ማንም አይጠብቅህም፣ ማንም አይጠራህም። ለብዙ ዓመት ያን ሰዓት በከንቱ አሳልፌዋለሁ። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ያሳለፍኳት አንዲት ሳምንት ናት ያስተማረችኝ።

እሑድ

ገና ጎሕ ሲቀድ ልወጣ ስል አንዲት ጎረቤታችን በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በጨርቅ የተቋጠረ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ በትንሽ ጀሪካን ደግሞ ማር ይዘዋል። ልጃቸው ከቅኔ ቤት ወጥቶ አዲስ አበባ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነበር።

"በእጁ ስጥልኝ" አሉኝ። "ለሰው ሰጥተህ እንዳትመጣ፤ በእጁ።"

"ስልክ አይደውልም እንዴ?" አልኳቸው።

"መደወሉንማ ይደውላል። 'ደኅና ነኝ' ይላል። ስልክ ምንጊዜም ደኅና ነው።"

አደራው እንዲህ ተጫነኝ። ደብረ ኤልያስ ተወልዶ ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም፤ ከራሱ ሻንጣ ይልቅ የሰው ቋጠሮ ይከብደዋል። ደብረ ማርቆስ ደርሼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሉማሜን፣ ደጀንን አልፈን የዓባይን በረሃ ቁልቁል ወረድን። በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ ስንሻገር ተሳፋሪው እንደ ልማዱ ዝም አለ። ዓባይ ላይ ሁሉም ሰው ለአፍታ ከራሱ ጋር ይሆናል። ከዚያ ጎሐ ጽዮን፣ ፍቼ፣ ጫንጮ፤ ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድ አውቶቡስ ተራ ላይ አበቃ።

ሰኞ

ማረፊያዬ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ መለስተኛ ፔንሲዮን ነበር። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ከግድግዳው ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን፤ መስኮቱን ስትከፍተው የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ይታያል። ከስልጠናው እንደወጣን ባልደረቦቼ በየፊናቸው ተበተኑ። ከፊሉ ወደ መጠጥ ቤት አመራ፣ ከፊሉ አበሉን ለልጆቹ ደብተርና ጫማ ለማትረፍ ዳቦ በሻይ በልቶ ተኛ። በማንም አልፈርድም። ከቤቱ ርቆ፣ አበሉን በልቡ እያካፈለ፣ በማያውቀው ከተማ የሚያመሽ ሰው ምን ያህል ብቸኛ እንደሚሆን አውቀዋለሁና።

እኔም ጫማዬን አውልቄ አልጋው ላይ ጋደም አልኩ። ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ባለቤቴ ደውላ "ምን እያደረግህ ነው?" ስትለኝ "ምንም" አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያ ቃል ክፍሉ ውስጥ ቀረ። ኤልያስ ላይ በዚያ ሰዓት "ምንም" የሚል ሰው የለም። ወንበሩ ላይ ያስቀመጥኩት ቋጠሮ የበሶ ሽታ ይሸታል። ባለፉት ጉዞዎቼ አደራ የማደርሰው በምሳ ሰዓት፣ መንገድ ላይ፣ ቆሜ ነበር፤ አንዳንዴም ባለቤቱን ወደ ስብሰባው በር ጠርቼ። "በእጁ" የተባለው ይህን ይሁን? ተነስቼ ለልጁ ደወልኩለት። ነገ ማታ፣ እቤቱ ድረስ እመጣለሁ አልኩት።

ማክሰኞ

ሜክሲኮ ላይ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ተሳፈርኩ። በዚያ ሰዓት ባቡሩ ውስጥ እጅ ማንቀሳቀሻ የለም። ቋጠሮውን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ጀሪካኑን በእግሮቼ መካከል ይዤ ጎጃም በረንዳ ወረድኩ። ስሙ ራሱ የእኛን ሰው ታሪክ ይናገራል፤ የጎጃም ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ከተማውን መጀመሪያ የሚረግጠው እዚያው ዙሪያ ነው።

ልጁ የሎተሪ ሰሌዳውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቆሞ ጠበቀኝ። "ጋሼ፣ እንኳን ደኅና መጡ" ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዤ አቀናሁት። በጭቃ ግድግዳ መካከል በሚያልፍ ጠባብ መተላለፊያ ወስዶ ካንድ ክፍል አስገባኝ። ስምንት ሆነው ይኖሩበታል፤ ሁሉም የእኛው አካባቢ ልጆች፣ አብዛኞቹ ሎተሪ አዟሪ፣ ሁለቱ ቀን ሠራተኛ። ግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀሉ ስምንት ኮቶች፣ ጥግ ላይ አንድ ምድጃ፣ ከበላዩ የእመቤታችን ሥዕል።

ቋጠሮውን በእጁ ሰጠሁት። ልጁ ወዲያው አልፈታውም። ጨርቁን አፍንጫው ላይ አድርጎ ቆየ። የሌሎቹም ዓይን እሱ ላይ ነበር፤ የቤታቸውን ሽታ እየተካፈሉ።

ከዚያ ክብ ሠርተው ተቀመጡና ሥራ ተጀመረ። ሎተሪ አዟሪዎቹ ያልሸጡትን ዕጣ አውጥተው መቁጠር ያዙ። አንዱ ቁጥር ይጠራል፣ ሌላው በእስክሪብቶ ደብተር ላይ ያሰፍራል። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና እንዲህ አለኝ፦ "ጋሼ፣ ቆጠራ አልቀረልንም። ያን ጊዜ ቀን እንቆጥር ነበር፤ ዛሬ ማታ እንቆጥራለን።" ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቅኔ ቤት የገባ ሰው ምላስ ከተማ ስለገባ አይዶለዱምም። ነገሩ ቀላል መስሎ ሁለት ፍች አለው፤ የቆጠሩት ቅኔም ሆነ ዕጣ፣ ለሌላ ሰው ካልደረሰ በእጅ የሚቀር ነው።

ዕጣው ተቆጥሮ ሲያበቃ በሶው ተበጠበጠ፣ ማሩ ጠብ ተደረገበት። አንደኛው ልጅ ከቅኔ ሁሉ አጭሩን፣ ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና አንስቶ አዜመ። የልጁ ተራ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ቆየና እሱም ተናገረ፤ ያን ዕለት፣ መንገድ ላይ፣ ዕጣ ሲያዞር የቆጠረው ነው። ሌሎቹ "ይበል!" አሉ። አንዱ "ሁለተኛው ቤት ላይ ትንሽ ሰብሮብሃል" ብሎ አረመው። ልጁም ተቀበለ፣ አስተካክሎ ደገመው። በዚያች ክፍል የኔታ አልነበሩም፤ ስምንቱ እርስ በርሳቸው የኔታ ሆነዋል።

ወደ 3 ሰዓት ግድም እስከ ታክሲው ሸኙኝ። አምስት ቀን ሙሉ ስለ ገበሬው ኑሮ በስላይድ ይነገረን ነበር። ስለ ገበሬው ልጆች ያወቅኩት ግን በዚያች አንዲት ምሽት ነው።

ረቡዕ

ወር በገባ የመጀመሪያው ረቡዕ ነበርና ራስ ሆቴል ሄድኩ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየወሩ ሰው ይሰበሰብበት የነበረው የጦቢያ ግጥም በጃዝ የሚቀርበው እዚያ ነበር። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ከቢሮ በቀጥታ የመጡ ሠራተኞች ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል፣ ተማሪዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፣ ሽበታሞች ፊት ላይ ተቀምጠዋል። ሳክስፎኑ ዝግ ብሎ ይጫወታል፤ ገጣሚው ወደ መድረክ ወጥቶ ሲጀምር ሙዚቃው ከሥር ይከተለዋል፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ዝም ብሎ ቃሉን ብቻውን ይተወዋል።

መጀመሪያ ላይ እንግዳ ነገር መሰለኝ። ጆሮዬ የለመደው ግጥም በከበሮና በጸናጽል፣ ወይም በማሲንቆ ነው። ጥቂት እንደቆየሁ ግን አንዲት ወጣት ገጣሚ አንድ ስንኝ ስትዘጋ ከኋላዬ የተቀመጡ አዛውንት በሹክሹክታ "ይበል" ሲሉ ሰማሁ። ትናንት ጎጃም በረንዳ የሰማሁት ቃል ነው። ዞር ብዬ ሰላም አልኳቸው። ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ፣ "ከደብረ ኤልያስ" አልኳቸው። ወዲያው እጄን ጨብጠው አልለቁኝም። "የዮፍታሔ አገር!" አሉኝ።

እውነት ነው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የተወለደው እዚያው ደብረ ኤልያስ ነው። ቅኔውን ተምሮ አዲስ አበባ ገባ፣ አስተማሪ ሆነ፣ ግጥምና ተውኔት ጻፈ። "አፋጀሽኝ" እና "ምስክር" የተባሉት ተውኔቶቹ በአገራችን የቴአትር ታሪክ መጀመሪያ ላይ የሚጠሩ ናቸው። የንጉሡ ዘመን የሕዝብ መዝሙር ግጥም የእሱ ነው፤ ዜማውን የሠራው ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባል የአርመን ሙዚቀኛ ነው። ኬቮርክ በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ጋር፣ መሪያቸው ሆኖ የመጣ ሰው ነው። እስኪ አስቡት፤ አንዱ ከጎጃም ቅኔ ቤት፣ ሌላው ከተሰደደ ሕዝብ መካከል የመጡ ሁለት ሰዎች በአንድ ከተማ ተገናኝተው ግጥምና ዜማ ሲያስማሙ። የቅኔ ልጅ ከባዕድ መሣሪያ ጋር መድረክ ላይ የቆመው ዛሬ በራስ ሆቴል አይደለም ማለት ነው። ዘጠና ዓመት አልፎታል።

አዛውንቱ አንድ ነገር ነገሩኝ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የቴአትር ጥበባት ትምህርት ቤት ዛሬ የሚጠራው በዮፍታሔ ንጉሤ ስም ነው። ለአሥራ ሁለት ዓመት ከተማውን ስመላለስ ይህን አላወቅኩም ነበር። የከተማው ሰው የእኔን አገር ከእኔ አብልጦ ያውቅልኝ ነበር።

ሐሙስ

በማግስቱ ከስልጠናው እንደወጣሁ በእግሬ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ወረድኩ። ሕንፃውን ጣሊያን ሲኒማ ሊያደርገው የጀመረው ነው፤ በኋላ ተሟልቶ ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ በ1948 ዓ.ም. ተመረቀ። ከደጁ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ የቀረጸው ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ነው። እግሩ ሥር ሰው ይቀጣጠራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ያልመጣ ወዳጅ ይጠበቃል። አካባቢው ላይ አሮጌ መጻሕፍት መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ ልጆች ነበሩ። ትኬት ከቆረጥኩ በኋላ የተረፈኝን ሰዓት እዚያ ጎንበስ ብዬ አሳለፍኩት።

ከመጻሕፍቱ መካከል ሽፋኑ የተነጨ "ፍቅር እስከ መቃብር" አገኘሁ። ሻጩ ልጅ "ይኼ እኮ የጎጃም ነው" አለኝ፣ ከየት እንደሆንኩ ሳያውቅ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ፤ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ተምረው ነው አዲስ አበባ የገቡት። ልብ ወለዱ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው እንኳን የከተማው፣ የገጠሩ ሰው ሥራ አቁሞ ያዳምጥ ነበር። አያቴ በዛብህ የሚባለው ልጅ እውነት የኖረ ሰው ይመስለው ነበር፤ "ያንን ልጅ የኔታ ቢመክሩት ኖሮ" እያለ ይቆጭ ነበር። መጽሐፉን ገዛሁት።

ስለ ቴአትሩ ብዙ አልልም። ሁለት ሰዓት ያህል በጨለማ ውስጥ ከማላውቃቸው መቶዎች ጋር አብሬ ስቄ፣ አብሬ ዝም ብያለሁ። ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ ሲያስለቅስ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ስታደርግ እኔም ጉሮሮዬ ተዘጋ። ሰኞ ማታ ብቻዬን ያደርኩበት ከተማ ያው ነው። የተለወጠው እኔ ያለሁበት ቦታ ነው፤ ከክፍሌ ወጥቼ ሰው መሐል ገባሁ።

መድረኩን እያየሁ አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ። ዮፍታሔና ሐዲስ ከኤልያስ ጉባኤ ወጥተው እዚህ ከተማ ሲገቡ ማንም የሚያውቃቸው አልነበረም። እነሱም ቀን ሥራ ነበራቸው፤ ዮፍታሔ አስተማሪ ነበር፣ ሐዲስም በወጣትነታቸው ያስተምሩ ነበር። ተውኔት ግን ጻፉ፤ ሐዲስም ገና በዚያ ዕድሜያቸው "የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ" የተባለ ተውኔት ጽፈዋል። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ፣ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. እነ መኮንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን ሲመሠርቱ ሕዝቡን የሰበሰቡት በንግግር፣ በግጥምና በዘፈን ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደደ፣ ሐዲስ ተማርከው ለብዙ ዓመት በጣሊያን ታሰሩ። የተሰደደውም የታሰሩትም ያን ቃል ይዘውት ሄደው፣ ይዘውት ተመለሱ። ዮፍታሔ በ1939 ዓ.ም. አረፈ። ሐዲስ እስከ 1996 ዓ.ም. ኖረው አገር በሥራቸው ሲያመሽ አዩ።

ዓርብ

የመጨረሻዋን ማታ ካዛንቺስ ሄድኩ። ያን ጊዜ ሠፈሩ ገና አልፈረሰም ነበር። አዝማሪ ቤቶቹ ተጠጋግተው ይገኙ ነበር፤ መላኩ በላይ በእስክስታው ለዓለም ያስተዋወቀው ፈንድቃም እዚያው ነበር። የገባሁበት ቤት ግን ስም ያልወጣለት ትንሽ ቤት ነው። ጉዝጓዝ ተነስንሷል፣ መደብ ላይ ቆዳ ተነጥፏል፣ ብርሌ ጠጅ ይዞራል። አዝማሪው ማሲንቆውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከሰው ሰው ይሄዳል።

እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ግጥም እንድሰጠው መሆኑ ነው። ኤልያስ ያደገ ሰው እንዲህ ሲጠየቅ ዝም አይልም። ጥቂት አሰብኩና እንዲህ አልኩት፦

ሲነጋ የሚሉኝ ፈርምና ተቀበል፣
ሲመሽ እኔም አልኩት ማሲንቆን ተቀበል።

አዝማሪው ተቀበለ። ሁለቱን ስንኝ ዜማ አልብሶ ሲመልስልኝ ቤቱ አጨበጨበ፤ ከወዲያ ጥግ አንድ ሰው "አበል ነው! አበል ነው!" ብሎ ወርቁን ፈታው። አምስት ቀን ሙሉ ፈርሜ ተቀብያለሁ። ከራሴ የሰጠሁት ነገር ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ እነዚያ ቤቶች አብረው ሄዱ፤ ፈንድቃም ለዓመታት ከኖረበት ቦታ ተነሳ። ከተማዋ ዛሬ የሚያምሩ መብራታም የእግረኛ መንገዶች አሏት፤ ማታ ቤተሰብ ከልጆቹ ጋር ይንሸራሸርባቸዋል፣ ይህም ደግ ነገር ነው። እኔ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ መንገድ የሚሄደው እንግዳ መጨረሻ ላይ የሚቀመጥበት፣ "ተቀበል" የሚልበት ቤት እንዲያገኝ። ሰው ለመንገድ ብቻ አያመሽም።

ለሚሄድ ሰው

ከዚያች ሳምንት ወዲህ ወደ ከተማ ለሥራ የሚላክ ባልደረባዬ ሲጠይቀኝ የምለው ጥቂት ነው። ሙዚየም ማየት የምትፈልግ ከሆነ ለማታ አትተወው፤ ብሔራዊ ሙዚየምም ሆነ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ማታ ክፍት አይደሉም። ለእሱ አንድ ቅዳሜ ጨምር። ማታ ግን ቴአትር አለ፣ ግጥም አለ፣ በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የሠርክ ጉባኤ አለ። የሠርክ ጉባኤ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከአውራ ጎዳናው ጫጫታ ወደ ግቢው ዛፍ ሥር ገብተህ መቀመጥህ ብቻ ቀኑን ከላይህ ያወርድልሃል።

ለአንድ ማታ አንድ ቦታ ይበቃል። ሁለትና ሦስት ቦታ የሮጠ ሰው የትም አላመሸም። ስትሄድ በእግርህ ሂድ፣ ስትመለስ ታክሲ ሳይጠፋ ተመለስ። አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው ሰላም በል። ከሁሉ በፊት ደግሞ አደራህን ማታ አድርስ፤ ቤታቸው ገብተህ፣ ቁጭ ብለህ፣ የቀረበልህን ቀምሰህ። ቀን የምታገኘው ሰው ሥራ ላይ ነው፤ የሚያሳይህም ሥራውን ብቻ ነው። ሰው እንዴት እንደሚኖር የሚታወቀው ኮቱን ምስማር ላይ ከሰቀለ በኋላ ነው።

ቅዳሜ

ኤልያስ ስደርስ መሽቷል። ከብቱ ገብቷል፣ ከየቤቱ ጭስ ይወጣል። ሻንጣዬን ሳላወርድ እኚያ ጎረቤታችን መጡ። ልጃቸው የላከላቸውን ነጠላ ሰጠኋቸው። እጥፋቱን ሳይፈቱ ብብታቸው ሥር አደረጉትና ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ።

ምን ያህል ያገኛል ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሥራው ያዋጣዋል ወይ፣ ከሳ ወይስ ወፈረ ይሉኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን እሳቱን ትንሽ እያዩ ቆዩና፦

"ማታ ማታስ ምን ያደርጋል?" አሉኝ።

እንደ ሌላ ጊዜ በምሳ ሰዓት መንገድ ላይ አግኝቼው ቢሆን ኖሮ የምመልሰው አልነበረኝም። "ደኅና ነው" ከማለት ሌላ ምን እላቸው ነበር? ያን ደግሞ ስልኩም ይላቸዋል።

ነገርኳቸው። ስለ ክፍሏ፣ ስለ ስምንቱ ኮቶች፣ ከምድጃው በላይ ስላለችው የእመቤታችን ሥዕል ነገርኳቸው። ቋጠሮውን ከመፍታቱ በፊት እንዴት እንዳሸተተው ነገርኳቸው። ዕጣ ቆጥረው ሲጨርሱ ቅኔ እንደሚነጋገሩ፣ ልጃቸው መንገድ ላይ የቆጠረውን እንደተናገረ፣ ጓደኛው ሁለተኛውን ቤት እንዳቃናለት፣ ሁሉም "ይበል" እንዳሉት ነገርኳቸው። ባለቤቴ ቡናውን ትታ ቆማ ትሰማ ነበር። ልጆቼም አልተኙም።

"አልተወውም እንግዲህ" አሉ እናትየው በዝግታ።

"አልተወውም" አልኳቸው።

ነጠላውን ከብብታቸው አውጥተው አሁን ፈቱት፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። ከደብሩ በኩል ከተማሪዎቹ ጎጆ ድምፅ መሰማት ጀምሮ ነበር፤ ሁላችንም ዝም ብለን አዳመጥን።